የሳጅን ኦባዜ ዝገት

ማማ ኢዚግቤ ሁለት ባል ቀብረዋል። የመጀመሪያው የሎሪ ሾፌር ነበር። አንድ ማለዳ ቁርሱን አጣጥሞ በልቶ፣ ጥርሱን በእንጨት እየጎረጎረ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሁለተኛው አናጢ ነበር። እሱ ደግሞ ለጎረቤት የሬሳ ሣጥን ሲሠራ ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ፤ ሣጥኑ ለራሱ ሆነ። ስለዚህ ሦስተኛው ሰው፣ ከፖሊስ ሙዚቃ ጓድ በጡረታ የወጡት ትሮምቦን ነፊው ሳጅን ኦባዜ፣ እንጋባ ብለው ሲጠይቋቸው ማማ እሺም እምቢም አላሉም።

"ውስጥህን ሳላይ አላገባህም" አሉ። "ከውጭማ የፊተኞቹም ደህና ነበሩ።"

ማማ አካራ፣ በዘይት የሚጠበሰውን የአደንጓሬ ሊጥ ኳስ፣ የሚጠብሱት ከላቦራቶሪያችን የጓሮ በር ፊት ለፊት ነው። ቤኒን ከተማ ውስጥ ከእሳቸው የተሻለ የአደንጓሬ ሊጥ የሚመታ ሰው የለም፤ አለ የሚል ካለ የእሳቸውን አልበላም። እኔ ኢቪዬ እባላለሁ፤ እዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ ረዳት ተመራማሪ ነኝ። ሥራችንን ባጭሩ ልናገር። በየሕዋሳችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን የኃይል ማመንጫዎች አሉ። ጄኔሬተር ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ ኃይል የሚሰጥ ነገር ሁሉ ያጨሳል። የእነሱ ጭስ ከኦክስጅን የሚተርፍ ክፉ ነገር ነው፤ አጠገቡ ያገኘውን ፕሮቲን ይነካካል፣ ይለውጠዋል። በመጽሐፍ ረጅም ስም አለው። እኛ ግን እርስ በርስ ስናወራ ዝገት ነው የምንለው።

ይህን ዝገት ለማየት ላቦራቶሪያችን ሁለት ዘዴ ነበረው፤ ሁለት ዘዴ ስል ሁለት ሰው ማለቴ ነው። ኃላፊያችን ፕሮፌሰር አይግቦጉን በቀለም ያምናሉ። ፕሮቲኑ ላይ አንድ ቢጫ ኬሚካል ይጨምራሉ፤ ኬሚካሉ የዛገውን ቦታ እየፈለገ ይጣበቃል። የተረፈው ታጥቦ ሲወጣ የቀረው ውሁድ በብርሃን መለኪያ ይታያል። ብርቱካናማነቱ በበረታ መጠን ዝገቱ በርትቷል። ጓደኛዬ ዶክተር ኡዋይላ ደግሞ ፕሮቲኖቹን በጄል ላይ በየክብደታቸው ትደረድርና ወደ ስስ ወረቀት ታስተላልፋቸዋለች። ከዚያ የዛገውን ብቻ የሚያውቅ አንቲቦዲ ታፈስበታለች፤ በመጨረሻ በፎቶ ላይ እያንዳንዱ የዛገ ፕሮቲን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። የሳቸው ዘዴ ምን ያህል እንደዛገ ይናገራል፣ የእሷ የትኛው እንደዛገ። ለሌላ ሰው ሁለቱ ዘዴዎች ወንድምና እህት ይመስሉታል። ለእነሱ ግን ጣውንቶች ነበሩ።

"ቀለም ለቤት ግድግዳ ነው" ትላለች ኡዋይላ።

"ፎቶ ደግሞ ለሠርግ" ይላሉ ፕሮፌሰሩ።

በዚያ ዓመት የያዝነው ጥናት ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ጤነኛ ሰዎች ደም ያስፈልገው ነበር። ማስታወቂያ ለጠፍን፣ በቤተ ክርስቲያን አስነገርን። ማንም አልመጣም። በእጃችን የነበረው ለማወዳደሪያ የለካነው የወጣት ተማሪዎችና ያረጁ የሙከራ አይጦች ደም ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሽማግሌ ደም ለውጭ አገር ይሸጣል የሚል ወሬ ከማስታወቂያው ቀድሞ ከተማውን አዳርሶት ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስታችን የማማ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አካራ እየበላን ይህንኑ ስናማርር፣ ማማ ማንኪያቸውን ዘይቱ ላይ እንዳንጠለጠሉ ዞር አሉ።

"ፕሮፍ፣ የሰው ዝገት ታያላችሁ የሚባለው እውነት ነው?"

"እናያለን፣ ማማ።"

"የሰው ውስጥ?"

"ከውስጥም የውስጥ ውስጥ።"

"እንግዲያው ሰው አመጣልዎታለሁ። የዚያን ትሮምቦን ነፊ ዝገት አይታችሁ ንገሩኝ።"

ፕሮፌሰሩ አካራቸውን አስቀመጡ። የእያንዳንዱን ሰው ውጤት ለማንም እንደማንናገር፣ ደሙን ለሰጠው ሰው እንኳ እንደማንናገር፣ ደግሞም ምርመራው ማን መቼ እንደሚሞት የሚያሳውቅ እንዳልሆነ ቀስ ብለው አስረዱ። ኢዚግቤ የሚለው ስማቸው ትርጉሙ ትዕግሥት ቢሆንም፣ የማማ ትዕግሥት ስማቸው ተጠርቶ ሳያልቅ ያልቃል።

"ሞቱን መች ጠየቅሁ" አሉ። "ዝገቱን ነው ያልኩት። እምቢ ካላችሁ ነገ አካራ የለም።"

ፕሮፌሰሩ "ሰውዬው ይምጡ፤ የቀረውን እናያለን" አሉ። ይህ በእሳቸው ቋንቋ እምቢ ማለት ነበር፤ በማማ ቋንቋ ግን እሺ ማለት ነው።

ሳጅን ኦባዜ ማክሰኞ ዕለት መጡ። የፖሊስ ሙዚቃ ጓድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የናስ ቁልፎቻቸውን ወልውለው። ሳምንቱን ሙሉ የዘንባባ ጠጅ እንዳልቀመሱ፣ ይልቅ መራራ ኮላ የሚባለውን ፍሬ ሲያኝኩ እንደከረሙ ሳይጠየቁ ነገሩን። ኡዋይላ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ስለ ጥናቱ አስረዳቻቸው፣ ፈረሙ።

"የግራውን እጅ ውሰጂ" አሏት። "ቀኙን ለሥራ እፈልገዋለሁ።"

"ትንሽ ነው የምወስደው፣ ሳጅን።"

"ዝገት ካገኛችሁ ትሞርዱልኛላችሁ?"

"እንለካለን እንጂ አንሞርድም።"

"የኛም ሻለቃ እንደዚያው ነበር" አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መርፌው ሲገባ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው ማርሽ ያንጎራጉሩ ነበር።

ያን ቀን መብራት ሄዶ ነበር። ጄኔሬተሩ የሚችለው ፍሪጁንና ደሙን እያሽከረከረ የሚለየውን ማሽን ብቻ ነው፤ የታጠበ ዕቃ የምናደርቅበት ምድጃ ቀዝቅዞ ዋለ። የዕቃ ማጠብ ተራው የኡዋይላ ነበር። ሆኖም የፕሮፌሰሩ የመስታወት ቱቦዎች በሰዓቱ ደርቀውና ጠርተው መደርደሪያቸው ላይ ቆሙ፤ እንዴት ደረቁ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ከሳጅን ደም ማይቶኮንድሪያቸውን በበረዶ ላይ ለይቼ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን ለፕሮፌሰሩ፣ ግማሹን ለኡዋይላ።

የፕሮፌሰሩ ዘዴ ፈጣን ነው። ከሰዓት በኋላ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስተው ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ውሁዱ ቀላ ያለ የዘንባባ ዘይት መስሏል። መለኪያው ውስጥ ከተቱት፤ አወጡት፤ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ከተቱት።

"ኢቪዬ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህ ሰውዬ ሲወጣ በእግሩ ነው የወጣው?"

"ደረጃውን እያፏጩ ነው የወረዱት፣ ፕሮፍ።"

"ከለካነው ሰው ሁሉ የዛገ ነው። ከአሮጌዎቹ አይጦች ሁሉ የዛገ ነው።" ቀጥሎም ሁለታችንን ጠርተው ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ አጥብቀው አስጠነቀቁን።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የፕሮፌሰሩ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፋቸው ያመለጠው በማግሥቱ ነው። ማማ ጋ ተቀምጠው ስለ ዘዴያቸው ድንቅነት ለአንድ እንግዳ መምህር ያወሩ ነበር። ስም አልጠሩም። በዚህ እስከ ዛሬ ይምላሉ። ያሉት እንዲህ ብቻ ነው፤ "አንዳንድ ሰው ከላይ ሲታይ የናስ ቁልፉ ያብረቀርቃል። ዕድሜ ልኩን ሲነፋ ኖሮ ውስጡ ግን ወደብ ላይ የተጣለ መርከብ ሆኗል። የኔ ቀለም ይህን አይስተውም።"

የማማ ማንኪያ ቆመ። ዘይቱ ውስጥ የነበረው አካራ ሁሉ አረረ። በብዙ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ።

ሳጅን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ ማማ ከጋብቻው ጥያቄ ጋር ከሳጅን የተቀበሉትን የኮላ ፍሬ በጨርቅ እንደጠቀለሉት መለሱላቸው።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ ሳጅን።

"ምንም።"

"ታዲያ አካራ ስጪኝ።"

"ለሚሄድ ሰው ዘይት አላባክንም።"

ሳጅን ነገሩ ገባቸው፤ ግን አልተቆጡም። ቤታቸው ሄደው ትሮምቦናቸውን ይዘው መጡና ከመንገዱ ማዶ፣ ከማማ ምድጃ ትይዩ ቆመው የቀብር ማርሽ ይነፉ ጀመር። በሥራ ላይ ሳሉ ስንት ባለሥልጣን በዚያ ማርሽ ሸኝተዋል፤ ጥሩ አድርገው ይነፉታል። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው ይነፋሉ። ሰው አካራውን አፉ ድረስ አንስቶ ይተወዋል። አንዲት ተማሪ አያቴን አስታወሰኝ ብላ አለቀሰች። ግማሹ ደንበኛ በሌላ በር ወዳሉ ሻጮች ሄደ።

"ሰውዬ፣ ገበያዬን ገደልከው" ብለው ማማ ከዚህ ማዶ ጮኹ።

ሳጅን ከንፈራቸውን ከናሱ ላይ አነሱ። "እኔ ነኝ ሟቹ። ለራሴ እየነፋሁ ነው፤ ምን አገባሽ?" ብለው ቀጠሉ።

በዚህ መሃል የኡዋይላ ፎቶ ደረሰ። የእሷ ዘዴ ጊዜ ይወስዳል። ጨለማ ክፍል ገብታ ስትወጣ ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ ፎቶውን ዘረጋችው። የሳጅን መስመሮች ሳሳ ያሉ፣ ከወጣት ተማሪዎቹ እምብዛም የማይለዩ ነበሩ።

"እነሆ የእርስዎ መርከብ" አለች።

"ፎቶሽ አልታጠበም።"

"ታጥቧል። ቀለምዎ ነው የሚዋሸው።"

"እኔ ይህን ቀለም ስጠቀም አንቺ ዩኒፎርም ለብሰሽ ብይ ትጫወቺ ነበር።"

"ያኔም ይዋሽ ነበር ማለት ነዋ።"

ሲጨቃጨቁ ቆዩ። በመጨረሻ ኡዋይላ፣ ፕሮቲን የሌለበት ንጹሕ ውሃ በዚያው ዓይነት ቱቦ፣ በዚያው ኬሚካል ይለካ አለች። ፕሮፌሰሩ ሳቁ። "ውሃ ውስጥ ምን የሚዝግ አለ?" አሉ።

"የለም። ለዚህ ነው።"

የሳጅን ደም በተወሰደበት ዕለት ከታጠቡት ቱቦዎች የተረፈ አንድ ታሽጎ ተቀምጦ ነበር። ውሃውን በፕሮፌሰሩ ፊት እኔ ቀዳሁት። እሳቸው በገዛ እጃቸው ኬሚካሉን ጨመሩ። ጠበቅን። ውሃው ብርቱካናማ ሆነ። ትንሽ ቆይቶማ ጭቃ መሰለ።

መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ከሳጅን ብዙ አይርቅም፤ እንደዚያ ከሄደ ውሃውም ሽማግሌ ነው። ፕሮፌሰሩ የቱቦውን መክደኛ አንስተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አንዴ ሳቡ፣ ደገሙ።

"እዚህ ቤት የጥፍር ቀለሟን ያስለቀቀች አለች?" አሉ።

የኔ ጥፍር አልተቀባም። የኡዋይላም አልተቀባም፤ ፊቷ ግን አመድ ለበሰ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አሴቶን ነው" አለች። "ምድጃው አይሠራም ነበር። ቶሎ እንዲደርቁልዎት ብዬ በአሴቶን አለቀለቅኋቸው።"

ለማያውቅ ሰው፣ ያ ቢጫ ኬሚካል የዛገ ፕሮቲን ላይ ብቻ አይደለም የሚጣበቀው። አሴቶን ካገኘ ከፕሮቲን ይልቅ እሱን ይወዳል፤ ቀለሙም ያው ነው። ይህን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በየዓመቱ የምታስተምረው ራሷ ኡዋይላ ናት። የእሷ የራሷ ሥራ የተሠራው በፕላስቲክ ቱቦ ስለነበር ምንም አልነካው።

ፕሮፌሰሩ ቆመው በክፍሉ ውስጥ ተንጎራደዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሆዳቸውን ወደፊት ነፍተው፣ እንደ ሙሽራ አባት። "ዶክተር ኡዋይላ" አሉ፣ "በአሴቶን። የኔን ቱቦ። በአሴቶን።" ቃሉን እንደ ከረሜላ ያላምጡታል።

"እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ኡዋይላ። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውጤቱ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ብለውን ነበር። ማማ ከማን ሰሙ?"

ፕሮፌሰሩ መንጎራደዳቸውን አቆሙ። በመስኮቱ የቀብሩ ማርሽ ይሰማል።

ሦስታችን ተያይዘን ወረድን። ማማ ባዶ አግዳሚ ወንበር ፊት ቆመው ዘይታቸውን ያማስላሉ። ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ማማ፣ ስለ አንድ ስማቸውን ስለማልጠራቸው ሰው ሳላስብ የተናገርኩት ነበር። መናገሬም ስህተት ነው፤ የተናገርኩትም ስህተት ነው።"

"አልዛገም ነው የሚሉኝ?"

"ዛገ፣ አልዛገ አልልም። ያ ልኬት እንዳልተለካ ይቆጠር። ውሃ ለክተን ውሃውም እንደዚያው ወጣ።"

ማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ውሃ ይዝጋል?"

"ውሃው አይደለም" አለች ኡዋይላ፣ "ዕቃው ነው። እኔ ነኝ በማይሆን ነገር ያጠብኩት።"

ማማ አንዴ ኡዋይላን፣ አንዴ ፕሮፌሰሩን አዩ። ከዚያ ቀን በፊት ፕሮፌሰሩን አንቱ ከማለት ዝንፍ ብለው አያውቁም።

"አንተ" አሏቸው። "በዚህ ራስህ ላይ ጸጉር አለመኖሩ ሲገርመኝ፣ ለካ ከጸጉሩ ጋር ሌላም ሄዷል። እኔ ሰውዬውን ገና ሳይሞት አልቅሼለታለሁ። ማታ ማታ ሦስተኛውን ቀብሬ ነው የምተኛው።"

ፕሮፌሰሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማማ" አሉ።

ማርሹ ቆሟል። ሳጅን ትሮምቦናቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው መንገዱን ተሻግረው መጡ። ሰላምታ ሰጡን፤ ለማማ ግን አልሰጡም።

"ሰማሁ" አሉ። "ደህና ነው። እንግዲህ እኔ ደሜን ሰጥቻለሁ። የሷስ?"

"የኔ ምን?" አሉ ማማ።

"እኔም ሚስት ቀብሬአለሁ። አንድ ብትሆንም ሚስት ናት። እኔም ውስጧን ሳላይ አላገባም።"

ኡዋይላ ልማዷ ነው፤ የሕግ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አትችልም። "ጥናቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ብቻ ነው" አለች።

ማማ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲው የገባሁ ጊዜም ሃምሳ አራት ነበሩ።

"ያሳዝናል" አሉ ሳጅን፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። "ሃምሳ አራት ገና ልጅነት ነው። ልጅ ደሟን አትስጥ።"

ማማ ዘይቱን አዩ። እሳቱን አዩ። ከጎን ሦስት ተማሪዎችና አንዲት ቲማቲም ሻጭ ጆሯቸውን አቁመው ቆመዋል። ማማ በእጃቸው ጠሩኝ፤ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ሊሉ ነው ስል ሐሳባቸውን ለወጡና ቀና አሉ።

"ስድሳ ሰባት ነኝ" አሉ ጮክ ብለው። "የሰማ ይስማ። ያልሰማም ከቲማቲም ሻጯ ይጠይቅ፤ እስከ ማታ ታደርሳለች።"

ሳጅን ስድሳ አራት ናቸው። ቆም ብለው አሰቡ፤ ከዚያ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። "ታላቄ ነዎታ። እንግዲህ አንቱ ልበልዎት" አሉ። "እትዬ፣ አካራ ይሰጡኛል?"

ማማ ላለመሳቅ ብዙ ታገሉ። አልቻሉም። ሲስቁ ወንበሩን ይዘው ነው የሚስቁት።

በማግሥቱ ጠዋት ማማ ደም ሊሰጡ መጡ። ኡዋይላ ቱቦ ስታዘጋጅ እኔ ክንዳቸው ላይ ማሰሪያውን አሰርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መርፌ ፈርተው መስሎኝ አይዞዎት አልኳቸው።

"መርፌው አይደለም" አሉ። "ልጄ፣ የመጀመሪያው ባሌ ቁርሱን በልቶ ነው የሞተው። ሁለተኛውም የኔን ምሳ በልቶ ነው የተጋደመው። ሰው ሁሉ አካራሽ ግሩም ነው ይለኛል። እኔ ግን ዘይቱ ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ሙሉ ማንንም አልጠየቅሁም። ይህ የናንተ ነገር ያሳያል?"

የሚያጽናና ነገር ልናገር ፈልጌ ነበር። ግን ማማ በዚያ ሳምንት በቂ ውሸት ከኛ ሰምተዋል። "አያሳይም፣ ማማ" አልኳቸው። "ማን በምን እንደሞተ አያሳይም። ማን እንደሚሞትም አያሳይም። ዛሬ፣ በዚህ ደም ውስጥ፣ ስንት ፕሮቲን እንደተነካ ብቻ ነው። እሱንም ቱቦው በደንብ ከታጠበ።"

"እና ለኔ ምን ያደርግልኛል?"

"ለእርስዎ ምንም። ብዙ ሰው ከሰጠ ግን ምናልባት አንድ ቀን ለሌላ ሰው።"

ማማ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። "እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ የቆየሁት 'አዎ' እንዳትሉኝ ፈርቼ ነበር" አሉ። "'አናውቅም' የሚል መልስ መኖሩን አላሰብኩም። ውሰጂ።" ሲወጡ የሳጅንን ውጤት አልጠየቁኝም፣ የራሳቸውንም።

ማማ ዕድሜያቸውን ማወጃቸው ያመጣብን ነገር አለ። በሳምንቱ የከተማው አዛውንት በራችን ላይ ተሰለፉ፤ ማማ ከሰጡ ደም የሚሸጥ አይደለም ተባለ መሰለኝ። ደግሞ የማን ዕድሜ ስንት እንደሆነ ለመስማት የመጣም ነበር። አንዱ ዕድሜውን ሲናገር ከኋላው የተሰለፈው "በሬዲዮ አስነግረው" ይለዋል። ጥናቱ ሞላ። ሁሉም እንደገና በንጹሕ ቱቦ፣ በሁለቱም ዘዴ ተለካ፤ ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ውሃ እየለካን። ሁለቱ ዘዴዎች አብዛኛውን ጊዜ ተስማሙ። ባለቤቶቻቸው ግን ጽሑፉ ላይ ቀለሙ ይቅደም ፎቶው በሚል አንድ ወር ተኳረፉ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ጎን ለጎን አደረግኋቸውና ሁለቱም ተቆጡኝ።

ማማና ሳጅን ሐርማታን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ በሚያመጣበት ወራት ተጋቡ። ፕሮፌሰሩ ንግግር ያድርጉ ተብለው ስለ ኦክስጅን ጀመሩ፤ ኡዋይላ ኮታቸውን ስትጎትት ተቀመጡ። ሳጅን አሁን ጠዋት ጠዋት ሊጡን ይመታሉ። ባለፈው ሳምንት ተጣልተው ነበር። ሳጅን አካራውን እንደ ቡጢ አተልቀው እየጣሉ ዘይት ይጨርሳሉ፣ ማማ ደግሞ "በኔ ምድጃ እንዲህ አይደረግም" ብለው ማንኪያውን ቀሟቸው። ሳጅን አኩርፈው ከቲማቲም ሻጯ ጋ ሄደው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ሳልፍ አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠው ትልልቁን አካራ ይበሉ ነበር፤ ማማ እያጣጣሉት፣ ሳጅን "ሌላ ይውሰዱ፣ እትዬ" እያሏቸው።